«እሺ» የሚል ቁጣ

ቁጣ ሁሉ አይጮህም። አንዳንዱ ጠረጴዛ ይመታል፣ ድምፁን ከፍ ያደርጋል፣ ከዚያም እንደ ክረምት ነጎድጓድ ያልፋል። ሌላው ግን አንገቱን ደፍቶ «እሺ ጌታዬ» ካለ በኋላ የተሰጠውን ደብዳቤ ከፋይሉ ክምር ሥር ይከተዋል። በሦስተኛው ቀን ሲጠየቅ «ረስቼው ነው» ይላል፤ በአምስተኛው ቀን ደግሞ «ማኅተም የያዘው ሰው አልነበረም» ይላል። ምናልባት አልዋሸም። ነገር ግን በሆዱ ያለውን አልተናገረም፤ በሆዱ ያለው «ባለፈው ሳምንት በሰው ፊት አዋርደውኛል» የሚል ነው።

እንዲህ ያለውን ቁጣ ለይተው በጽሑፍ ካሰፈሩት መካከል የአሜሪካ ጦር ሐኪሞች ይገኛሉ። የአእምሮ ሐኪሙ ብርጋዴር ጄኔራል ዊልያም ሜኒንገር በመሩት ሥራ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1945 ዓ.ም. የወጣ የጦሩ የሕክምና ጽሑፍ፣ ትእዛዝን በግልጽ የማይቃወሙ፣ ነገር ግን በማኩረፍ፣ በእልህ፣ ሥራን በማዘግየትና በማበላሸት የሚቃወሙ ወታደሮችን ገለጸ። ነገሩ አያስደንቅም፤ ወታደር «አልታዘዝም» ቢል ይቀጣልና። በ1952 የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ይህንኑ በመጀመሪያው የሕመሞች መዘርዝሩ ውስጥ አስገባው፤ በ1994 ግን ከዋናው ዝርዝር አውጥቶ ወደ ተጨማሪው ክፍል አዛወረው። ከተቺዎቹ አንዳንዶቹ፣ ይህ የሰውዬው ጠባይ ብቻ ሳይሆን የሚኖርበት ሁኔታ የሚያመጣው ነገር ነው ብለው ነበር። እኔም በዚህ በኩል ወደ እነርሱ አደላለሁ።

መቼም ለእኛ ነገሩ እንግዳ አይደለም። አማርኛችን ኩርፊያም፣ አሽሙርም፣ ቂምም አለው፤ «የአኩራፊ ምሳው እራቱ ይሆናል» የሚል ተረትም አለው። በሌላ በኩል «እሺ ይበልጣል ከሺ» እየተባልን አድገናል። ታላቅ ሲናገር ታናሽ ዝም እንዲል ተምረናል፤ ታላቅን ሳይዳፈሩ «ይህ ነገር ቅር አሰኝቶኛል» ማለት እንዴት እንደሚቻል ያስተማረን ግን ጥቂት ነው። በፊት ለፊት በር መውጣት የተከለከለ ቁጣ የጓሮ በር ይፈልጋል።

ተማሪዎችም ከዚህ ነጻ አይደሉም። በአንድ ክፍል ከሚያድሩ ሁለት ጓደኛሞች አንዱ የሌላውን ሳሙና ሳያስፈቅድ ይጠቀማል እንበል። ባለ ሳሙናው ለባልንጀራው ምንም አይለውም። እንግዳ በመጣ ጊዜ ግን «በዚህ ክፍል እኮ ሳሙና እግር አለው» ብሎ ይስቃል። «እኔን ነው?» ተብሎ ቢጠየቅ «አንተን መቼ አልሁ?» ይላል። አሽሙር ለተናጋሪው ይጣፍጣል፤ ከዚያ በኋላ ግን ክፍሉ ውስጥ በራሱ ጊዜ የሚሰማ ነገር የበር መወርወርና የሳህን መንኳኳት ብቻ ይሆናል፣ ሳሙናውም ማለቁን አይተውም።

በመሥሪያ ቤት የሚደርሰው ጉዳት ከዚህ ይከፋል። ከፋይሉ ሥር የተቀበረው ደብዳቤ የአለቃው አይደለም። ከገጠር የአውቶቡስ ገንዘብ ከፍሎ የመጣ፣ ከዘመድ ቤት እያደረ በየማለዳው ከደጃፍ የሚቆም ባለጉዳይ አለው። «ነገ ይመለሱ» የሚባለው እርሱ ነው። ጸሐፊውን ያዋረደው አለቃ በሰዓቱ ምሳውን ይበላል፤ ቅጣቱን የሚቀበለው ጠቡን እንኳ ያልሰማ ሰው ነው።

ታዲያ ምን ይሻላል? አለቃን መጮህ አይደለም፤ እንጀራ ያሳጣል። መጀመሪያ ሰው ለራሱ «ተናድጃለሁ» ብሎ ማመን አለበት፤ አኩራፊ ከሁሉ በፊት የሚደብቀው ከራሱ ነውና። ቀጥሎ ቋንቋችን ያዘጋጀልን ቃል አለ። «ቅር ብሎኛል»፣ «ከፍቶኛል» ስንል የምንናገረው በእኛ ላይ የደረሰውን ነው፤ ማንንም አልከሰስንም። «አንተ ሁልጊዜ ትንቀኛለህ» ከተባለ ሰውዬው ለክርክር ይነሣል፤ «ትናንት በሰው ፊት በተናገርከኝ ከፍቶኛል፤ ሌላ ጊዜ ለብቻዬ ንገረኝ» ከተባለ ግን የሚመልሰው ነገር ተሰጥቶታል። ለአለቃ ሲሆን ደግሞ ብቻቸውን ባሉበት ሰዓት ገብቶ፣ «ጌታዬ፣ ይህን ዛሬ እንድጨርስ የትናንቱን ማቆየት ይኖርብኛል፤ የትኛውን ላስቀድም?» ማለት ይቻላል። ድፍረት የለበትም፤ የውሸት «እሺ»ም የለበትም።

ዝምታ ሁሉ ኩርፊያ አለመሆኑን መርሳት አይገባም። ቁጣው እስኪበርድለት ዝም የሚል ሰው «አሁን ተናድጃለሁ፤ ነገ እንነጋገር» ብሎ ቀን ይቆርጣል፤ አኩራፊ ግን ቀን አይቆርጥም። ቃሉን የሚቀጣ አለቃ ያጋጠመውም ሰው አፉን ቢይዝ አልፈርድበትም፤ ለእንዲህ ያለው ጊዜ አባቶቻችን ሽማግሌ መላክን ያውቁ ነበር። ሽማግሌ ነገሩን ለባለቤቱ ያደርሰዋል፤ አሽሙር ግን በየመንገዱ ይበትነዋል።

የተኮረፈበትም ሰው ድርሻ አለው። መለማመጥ አያስፈልገውም፤ «ምን ሆነሃል?» እያሉ አሥር ጊዜ መጠየቅ ኩርፊያን ማድለብ ነው። «የከፋህ ነገር እንዳለ ይታየኛል፤ ስትፈልግ ንገረኝ፣ እሰማለሁ» ብሎ ወደ ሥራው መሄድ ይበቃል። ያ ሰው በመጨረሻ መጥቶ የተናገረ ዕለት ግን፣ ንግግሩ ቢንተባተብም፣ ድምፁም ከሚገባው በላይ ከፍ ቢል፣ እስኪጨርስ ማዳመጥ ነው።