ደመወዜ ሲጨምር ፀባችንም ጨመረ

ከባለቤቴ ጋር አንድ ክፍል ቤት ተከራይተን ስንጀምር ደመወዜ 3,200 ብር ነበር። ደመወዝ በወጣ ማታ ብሩን አልጋው ላይ ዘርግተን እንከፋፍለዋለን፤ ይሄ የቤት ኪራይ፣ ይሄ አስቤዛ፣ ይሄ የታክሲ። አንጣላም ነበር ብል ውሸት ነው። ወሩ ጋመስ ሲል "ሽንኩርት አለቀ እኮ" የምትል ቃል እንኳን ታጣላን ነበር። ግን ስንት ብር እንደቀረን ሁለታችንም እናውቃለን። ፀባችን ከእንቅልፍ አያልፍም።

ከዚያ ሥራ ቀየርኩ፤ ደመወዜ ከእጥፍ በላይ ሆነ። ለእሷ የነገርኳት ግን የጭማሪውን ግማሽ ብቻ ነው። ሰበብ አላጣሁም። ክፍለ ሀገር ያለችው እናቴ ታማለች፣ ታናሽ ወንድሜ ይማራል፣ "ብነግራት ትከለክለኛለች" አልኩ።

ከስምንት ወር በኋላ ሱሪዬን ልታጥብ ኪሴን ስትፈትሽ የባንክ ደረሰኝ አገኘች። አልጮኸችም። "ለእናትህ እልካለሁ ብትለኝ እምቢ እልህ ነበር?" ብቻ አለችኝ። መልስ አጣሁ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ቤታችን ውስጥ የሚያወራው ቴሌቪዥኑ ብቻ ነበር። ስንታረቅ ደግሞ እሷም የማላውቀው እቁብ እንዳላት ነገረችኝ። ሁለታችንም ሳቅን፤ ሳቁ ግን ትንሽ ይመር ነበር።

ዳንኤል ካህነማንና አንገስ ዲተን በ2010 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ የአሜሪካውያን የዕለት ተዕለት ደስታ የዓመት ገቢያቸው 75,000 ዶላር አካባቢ ከደረሰ በኋላ አይጨምርም ብለው ነበር። በ2023 ካህነማን ከሌሎች ተመራማሪዎች ጋር ጉዳዩን መልሰው አዩት። ለአብዛኛው ሰው ገቢ ሲጨምር ደስታም ይጨምራል፤ ከሁሉም ደስታ ለራቃቸው ሰዎች ግን ከአንድ ደረጃ በኋላ ጭማሪው ብዙም አይፈይድም። እኔም በቤቴ ያየሁት ይህንኑ ነው። ብር የሽንኩርቱን ፀብ አስቀረልን፤ የመተማመኑን ግን አልነካውም።

የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) ባልና ሚስት በግል ጥረታቸው የሚያገኙት ገቢ የጋራ ሀብታቸው ነው ይላል። አንዱ ሲጠይቅ ሌላው ስላገኘው ገቢ ማስረዳት አለበት። ለካ "ደመወዜ" እያልኩ የደበቅኩት የእሷንም ድርሻ ኖሯል!

ዛሬ ደመወዝ በስልክ ስለሚገባ አልጋ ላይ የሚዘረጋ ብር የለም። በዚያ ማታ ግን ሁለታችንም ስልካችንን ከፍተን ጠረጴዛው ላይ እናስቀምጣለን። መጀመሪያ የእናቴንና የአባቷን፣ ቀጥሎ እቁቡን፣ ከዚያ የቤቱን እንቆርጣለን። ኑሮው ተወዷል፤ ብሩ ዛሬም አይበቃም። እንጨቃጨቃለንም፤ ያው እንደ ድሮው ሲነጋ ያልፋል።

እናንተስ፣ የትዳር ጓደኛችሁ እጅ የሚገባው ደመወዝ ስንት እንደሆነ ታውቃላችሁ?