ዋስ ፍለጋ

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ደመወዝዎ ስንት ነው?»

በአራት ኪሎ ከአንዲት ፎቶ ኮፒ ቤት ደጃፍ ተራ ስንጠብቅ ይህን የጠየቀችኝ፣ የዲግሪዋን ግልባጭ በክላሰር አቅፋ የቆመች፣ ከዚያ በፊት አይቻት የማላውቅ ልጅ ነበረች። ድፍረት አልነበረም፤ በአንድ ድርጅት ለገንዘብ ያዥነት ተወዳድራ፣ የጽሑፉን ፈተናም ቃለ መጠይቁንም አልፋ፣ የቀራት ደመወዙ ከእርሷ ደመወዝ የማያንስ ዋስ ማቅረብ ብቻ ሲሆን፣ ዘመዶቿ ግን ሁሉም አራሾች እንጂ ደመወዝተኞች አልነበሩም። ቅጹን ብመለከተው ዋሱ «ለሚደርሰው ጉድለት ሁሉ» ኃላፊ ይሆናል ከማለት በቀር እስከ ስንት ብር እንደ ሆነ አይናገርም፤ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ደግሞ በአንቀጽ 1922 ከፍተኛው የገንዘብ ልክ ያልተወሰነበት ዋስትና አይጸናም ይላል።

እንግዲህ አሠሪ ሰው ሲመርጥ የሚመዝነው ምኑን ነው? የሚለው ጥያቄ ከዚያች ቀን ወዲህ አልለቀቀኝም።

ቀድሞ ሹመት ፈላጊ በመኳንንቱ አጥር ሥር ክረምት ከበጋ ደጅ ሲጠና፣ በአጋፋሪው በጎ ፈቃድ ገብቶ እጅ ሲነሣ፣ የሚፈተነው በትዕግሥቱና በስንቁ ብዛት ነበር፤ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሲሾሙም፣ በ1950ዎቹ የመንግሥት ሠራተኞችን ጉዳይ የሚያስተዳድር ማዕከላዊ መሥሪያ ቤት ሲቆምም፣ የደጅ ጥናቱ መንፈስ ቤት ለወጠ እንጂ አልሞተም። ከዚህ ሁሉ ይልቅ የደነቀኝ ግን የሐዋርያት ሥራ ነው፦ ከረጢት ያዡ ይሁዳ በጠፋ ጊዜ፣ ማትያስ በዕጣ ከመተካቱ አስቀድሞ ለዕጩነት የተጠየቀው ዋስ ሳይሆን፣ ከዮሐንስ ጥምቀት እስከ ዕርገት ከማኅበሩ ጋር አብሮ መዋል፣ ማለትም ግብሩ በዐይን የታየ መሆን ነበር።

በሠራተኛ አስተዳደር ሠላሳ ዓመት ያገለገሉ አንድ ጡረተኛ ነገሩን ከእኔ አሳጥረው አስቀመጡት። «እኛ የቀጠርነው ፋይል ነው እንጂ ሰው አይደለም» አሉኝ። «በቃለ መጠይቅ አፉ የሚጣፍጥ ሁሉ አንደኛ ይወጣል፤ ሲገባ ግን ሒሳቡ አይጣፍጥም።» አንድ ጊዜ አለቃቸውን አስፈቅደው፣ ሆን ብለው ስሕተት የደበቁበትን የገንዘብ መዝገብ ለስምንት ዕጩዎች አደሉና ጉድለቱን ፈልጉ አሏቸው፤ ያገኘው ሲናገር የሚንተባተበው ልጅ ነበር። «በቃለ መጠይቁማ ስምንተኛ! ዋስም የለው።» ታዲያ ምን አደረጉት? ብላቸው፣ «በራሴ ዋስትና አስገባሁት፤ ጡረታ ስወጣ ሥራዬን የተረከበኝ እርሱ ነው» አሉ።

ሕጉም ለዚህ በር አልዘጋም፤ ሠራተኛን በሥራው ላይ አይቶ ለመለየት የሚሰጠው የሙከራ ጊዜ በአዋጅ ቁጥር 377/1996 45 ቀን የነበረው፣ በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 60 የሥራ ቀን ሆኗል። በዚሁ በአዲስ አበባ ኢኮኖሚስቶች አድርገውት በ2021 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናትም፣ ሥራ ለማመልከት ለሚመጣ ሰው ጥቂት ገንዘብ መስጠት ብቻ ይበልጥ ችሎታ ያላቸውን አመልካቾች ስቦ ተገኝቷል፤ የማመልከቻው ወጪ ይልቁንም የሚከብደው በችሎታ ለላቁት ነበርና። ቀጣሪዎች ግን ይህን ጥቅም አሳንሰው ገመቱት።

የልጅቱን ጉዳይ የያዙት ኃላፊ «መመሪያ ነው» ብለው ስልኩን ዘጉት፤ ማን ያወጣው መመሪያ? ብዬ ለመጠየቅ ሁለተኛ ብደውል አልተነሣም። ዘመድ የሌለው እንደሚቀር፣ ድርጅቱም የተሻለውን ትቶ ዘመደ ብዙውን እንደሚወስድ ለመዘርዘር ቦታ ጠበበኝ።

እኔም የገንዘቡን ልክ በገዛ እጄ ጽፌ ፈረምሁ። ደመወዜ ከልጅቱ መነሻ ደመወዝ በሦስት መቶ ብር ስላነሰ ወረቀቱ ተመለሰ። ባለፈው እሑድ ጋዜጣ ላይ ያው ማስታወቂያ፣ «አስተማማኝ ዋስ ማቅረብ የሚችል» ከሚለው ሐረግ ጋር፣ እንደገና ወጥቷል።