ሦስት ድንበር፣ አንድ ቀጠሮ

በቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ የሚኖሩ አንዲት እናት እናስብ። ኩላሊታቸው ስለደከመ በሳምንት ሦስት ቀን ለእጥበት ይሄዳሉ። ማዕከሉ ከቤታቸው ብዙም አይርቅም። ሐኪማቸው ያለው ግን ዋሽንግተን በሚገኝ ሆስፒታል ነው፤ እሑድ የሚያስቀድሱበት ቤተ ክርስቲያን ደግሞ በሜሪላንድ፣ ስልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ነው። መኪና ላለው ሰው ይህ ሁሉ እንደ አንድ ከተማ ነው፤ ድንበር መሻገሩንም ልብ አይለውም። ለእኚህ እናት ግን በየድንበሩ ሌላ ስልክ ቁጥር፣ ሌላ ማመልከቻ፣ ሌላ ደንብ ይጠብቃቸዋል።

እናቲቱ ምሳሌ ናቸው፤ ችግሩ ግን እውነተኛ ነው። በዋሽንግተንና በዙሪያዋ ለአረጋውያን፣ ለአካል ጉዳተኞችና ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሠራተኞች የተዘረጋው ትራንስፖርት ጥቂት አይደለም። የጎደለው አንዱን ከሌላው የሚያገናኘው ነው።

አገልግሎቱ በችሮታ የመጣም አይደለም። ሜትሮ የተባለው የዋሽንግተን የከተማ ባቡር እ.ኤ.አ. መጋቢት 27 ቀን 1976 ሥራ ሲጀምር ጋለሪ ፕሌስ የተባለው ጣቢያ ተዘግቶ ነበር። ምክንያቱ በአካል ጉዳተኞች መብት ዙሪያ የተነሣው ክስ ነው፤ ፍርድ ቤት አሳንሰር የሌለው ጣቢያ እንዳይከፈት አዝዞ ነበርና። ጣቢያው የተከፈተው በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ ነው። ዛሬ ጋሪ የምትገፋ እናት፣ ሻንጣ የሚጎትት መንገደኛ፣ ጉልበቱን የሚያመው አዛውንት ሁሉ በየጣቢያው የሚወጡበትና የሚወርዱበት አሳንሰር የዚያ ትግል ፍሬ ነው።

ከ14 ዓመት በኋላ፣ መጋቢት 12 ቀን 1990፣ በዚያችው ከተማ ሌላ ነገር ታየ። በደርዘን የሚቆጠሩ ሰዎች ዊልቸራቸውንና ክራንቻቸውን ትተው የኮንግረሱን ደረጃ በእጃቸውና በጉልበታቸው እየዳሁ ወጡ። ከመካከላቸው አንዷ የስምንት ዓመት ልጅ ነበረች። ሰልፉን የጠራው አዳፕት የተሰኘው ማኅበር የተመሠረተው አውቶቡሶች ለዊልቸር ማንሻ ይኑራቸው ብሎ ለመታገል ነው። በዚያው ዓመት ሐምሌ 26 ቀን የአሜሪካ የአካል ጉዳተኞች ሕግ ተፈረመ።

ሕጉ በመደበኛ መስመር አውቶቡስ የሚያንቀሳቅስ የሕዝብ ድርጅት ሁሉ፣ በአውቶቡሱ መጠቀም ለማይችሉ ሰዎች በቀጠሮ የሚመጣ ተሽከርካሪ እንዲያቀርብ ያስገድዳል። ግዴታው ከመስመሩ ግራና ቀኝ እስከ ሦስት አራተኛ ማይል ይደርሳል፤ 1.2 ኪሎ ሜትር ገደማ መሆኑ ነው። ዋጋው ከመደበኛው ታሪፍ ከእጥፍ መብለጥ የለበትም፤ ተሳፋሪው ከአንድ ቀን በፊት ከደወለም በማግሥቱ መሄድ መቻል አለበት። በዋሽንግተን አካባቢ ይህን የሚፈጽመው ሜትሮአክሰስ ነው። ከ1994 ጀምሮ ዋሽንግተንን፣ በሜሪላንድ የሞንትጎመሪንና የፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲዎችን፣ በቨርጂኒያም አሌክሳንድሪያን፣ አርሊንግተንንና ፌርፋክስን ያገለግላል። ድንበር መሻገር የሚችል ትልቁ አገልግሎትም እሱ ነው።

ታዲያ ምን ጎደለ? መልሱ ከእጥበት ቀን ይገኛል። እጥበቱ አራት ሰዓት ያህል ይወስዳል፤ መቼ እንደሚያልቅ ግን በደቂቃ አይታወቅም። አንዳንዴ ደም ግፊት ይወርዳል፣ አንዳንዴ መርፌው የወጣበት ቦታ ደሙ አልቆም ይላል። የመመለሻው መኪና ግን የተቀጠረው ከትናንት ጀምሮ ነው። ሰዓቱ ቢያልፍ አዲስ መኪና መጠበቅ ግድ ነው፤ መኪናው ቢመጣም ሌሎች ተሳፋሪዎችን በየሰፈሩ እያወረደ ይዞራል። ጉልበቱ ያለቀበት ሕመምተኛ በጋራ መኪና ውስጥ ከተማውን ሲዞር ይውላል።

የዋሽንግተን አስተዳደር ለዚህ መፍትሔ የፈለገው ከታክሲዎች ነው። ዛሬ ትራንስፖርት ዲሲ የሚባለው፣ የሜትሮአክሰስ ተጠቃሚዎች በ5 ዶላር ታክሲ የሚሳፈሩበት አገልግሎት፣ ሲጀመር ያተኮረው በኩላሊት እጥበት ታካሚዎች ላይ ነበር። ሐሳቡ ግሩም ነው፤ በዚያች ከተማ ታክሲ ከሚነዱት ብዙዎቹ የእኛው ሰዎች ስለሆኑ ለእነሱም ሥራ ሆኗል። ነገር ግን ጉዞው የሚጀምረውም የሚያበቃውም በዋሽንግተን ውስጥ መሆን አለበት፤ ተጠቃሚውም የከተማዋ ነዋሪ መሆን አለበት። የአሌክሳንድሪያዋ እናት አይመለከታቸውም። እሳቸው ዶት የተባለው የከተማቸው አገልግሎት አላቸው። አርሊንግተን ስታርን፣ ፌርፋክስ ፋስትራንን ያሠራል፤ ሞንትጎመሪ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች የታክሲ ሒሳብ ይደጉማል። ሁሉም የየራሱ መመዘኛ አለው።

በዚህ ላይ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሰዎች የቆመው የመንግሥት የጤና መድን፣ ሜዲኬይድ አለ። የፌዴራሉ ሕግ ክፍለ ግዛቶች የሜዲኬይድ ተጠቃሚውን ሐኪም ቤት የሚያደርስ መጓጓዣ እንዲያመቻቹ ያዝዛል። አሠራሩ ግን እንደየቦታው ነው፤ ሜሪላንድ በየአካባቢው ጤና ቢሮዎች፣ ዋሽንግተንና ቨርጂኒያ ደግሞ ኮንትራት በያዙ ኩባንያዎች ያከናውኑታል። ያ መኪና ለሕክምና እንጂ ለቅዳሴ፣ ለለቅሶ ወይም ለገበያ አይሄድም። ስለዚህ አንድ ጎዳና ላይ፣ በአንድ ሰዓት፣ ሁለት ሦስት መኪኖች እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ሰው ጭነው ሊተላለፉ ይችላሉ፤ የሚከፍለው የበጀት መስመር ተለያይቷልና።

ይህ የአንድ ከተማ ገመና ብቻ አይደለም። የኮንግረሱ የኦዲት መሥሪያ ቤት በ2003 ለእንዲህ ዓይነት ትራንስፖርት ገንዘብ የሚያወጡ 62 የፌዴራል ፕሮግራሞች ቆጠረ። በማግሥቱ ዓመት ፕሬዚዳንት ቡሽ መሥሪያ ቤቶቹን የሚያስተባብር ምክር ቤት በትእዛዝ አቋቋሙ። በ2012 እንደገና ሲቆጠር 80 ፕሮግራሞች ተገኙ።

አንቀጽ 5310 በመባል የሚታወቀውን የፌዴራል የአረጋውያንና የአካል ጉዳተኞች ትራንስፖርት ገንዘብ የሚፈልግ ሁሉ ከ2005 ወዲህ በአካባቢው የጋራ ዕቅድ መመራት አለበት። በዋሽንግተን ዙሪያ ዕቅዱን የሚያወጣው የብሔራዊ ዋና ከተማ ክልል የትራንስፖርት ዕቅድ ቦርድ ነው። ዕቅዱ በየጊዜው ይታደሳል፤ ገንዘቡም ለባለ ማንሻ መኪና መግዣ፣ ተሳፋሪን ለማሠልጠንና የጉዞ አማካሪ ለመቅጠር ይውላል። ከእነዚህ መካከል ብልጫ ያለው የመጨረሻው ነው። አማካሪው መኪና አይነዳም፤ ስልክ አንሥቶ ደንቡን ሁሉ በጭንቅላቱ ይዞ “ለዚህ ቀጠሮ ይኸኛው ይሻልዎታል” የሚል ሰው ነው። አንድ ተጨማሪ ቫን የሚያነሣው የተወሰነ ሰው ነው፤ እንዲህ ያለ ሰው ግን ቆመው የሚውሉትን ቫኖች ይሞላል።

የሠራተኛውም ጉዳይ ከዚህ የተለየ አይደለም። አሌክሳንድሪያ ዳሽ የተባለውን የከተማ አውቶቡሷን ከመስከረም 2021 ጀምሮ በነጻ አደረገች። ሞንትጎመሪም በ2025 ራይድ ኦን አውቶቡሱን ለሁሉም ነጻ አድርጓል። ሜትሮ ከ2023 ጀምሮ ፉድ ስታምፕ ለሚያገኙ ሰዎች ሒሳቡን በግማሽ ቀንሷል። እነዚህ ትልልቅ እርምጃዎች ናቸው። ሆኖም ከአሌክሳንድሪያ ተነሥቶ ሜሪላንድ ውስጥ ሆቴል የሚያጸዳ ሰው ነጻው አውቶቡስ ድንበር ላይ ይቀርበታል፤ ቅናሹንም ለማግኘት ለብቻው ማመልከት አለበት። አንዱ ቢሮ ገቢው ዝቅተኛ መሆኑን አረጋግጦ ሳለ ሌላው እንደ አዲስ ማስረጃ የሚጠይቅበት ምክንያት ሊኖር አይገባም።

በእኛ ማኅበረሰብ ክፍተቱን የሚሞላው ብዙውን ጊዜ ልጅ ነው። ከሥራ ፈቃድ ጠይቆ፣ ፈረቃ ቀይሮ እናቱን ሐኪም ቤት ያመላልሳል። ፍቅር ነው፤ ግን ደመወዝም ይቆረጣል፣ ሥራም ይታጣል። ወላጆችም “ልጄን አላስቸግር” እያሉ ቀጠሮ ይተዋሉ፣ ከቤተ ክርስቲያንም ይቀራሉ። ቋንቋም ቢሆን እንቅፋት ሊሆን አይገባም፤ ዋሽንግተን በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ መሠረት የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች በአማርኛም ያገለግላሉ፤ አስተርጓሚ መጠየቅ መብት ነው።

ስለዚህ በዚያ አካባቢ ወላጅ ያላችሁ አንባብያን፣ የሜትሮአክሰስን ማመልከቻ በዚህ ሳምንት አብራችኋቸው ሙሉ፤ የሐኪም ማረጋገጫ ስለሚያስፈልገው ለሚቀጥለው ቀጠሮ ቅጹን ይዛችሁ ሂዱ። ማመልከቻው ተሟልቶ በገባ በ21 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠ፣ ውሳኔው እስኪመጣ ድረስ አገልግሎቱን እንዲያገኙ ሕጉ ያዝዛል። የሚደግፋቸው ረዳት እንደሚያስፈልጋቸው ከተመዘገበም ረዳቱ አብሯቸው ያለ ክፍያ ይሳፈራል።