ለብቻ የማይበላ ማዕድ

ሜታኖባሲለስ ኦሜሊያንስኪ የተባለው ደቂቅ ዘአካል አልኮልን ወደ ሚቴን ጋዝ የሚለውጥ አንድ ዝርያ ተደርጎ ከሃያ ዓመታት በላይ ተጠንቷል። እ.ኤ.አ. በ1967 ተመራማሪው ማርቪን ብራያንትና ባልደረቦቹ ሲለያዩት ግን ሁለት ፍጡራን ሆነው ተገኙ። አንደኛው አልኮሉን ሰብሮ አሴቲክ አሲድና ሃይድሮጅን ያወጣል፤ ሁለተኛው ሃይድሮጅኑን ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር አዋህዶ ሚቴን ይሠራል። ኦክስጅን በሌለበት ዝግ ገንዳ የፋብሪካ ፍሳሽ የሚጣራውም በእንዲህ ያለ ቁርኝት ነው፤ ሥራውን የሚሠራው አንድ ብርቱ ዝርያ ሳይሆን ጉርብትናው ነው። ሃይድሮጅን ከተጠራቀመ አልኮል ሰባሪው ከድካሙ ምንም ጉልበት አያተርፍም። ፕሮፒዮኒክ አሲድ የሚበሉትማ የሃይድሮጅኑ ግፊት ከከባቢ አየር ግፊት አንድ አስር ሺህኛ ገደማ በታች ካልወረደ መኖር አይችሉም። ስለዚህ «ዋናው ሠራተኛ ሚቴን ሠሪው ነው፣ ሌላው አቅራቢ ብቻ ነው» ማለት አያስኬድም። ተቀባዩ ሲዘገይ አቅራቢውም ሥራ ይፈታል፤ በዚያው ገንዳ ስኳርን ወደ አሲድ የሚያብላሉት ሌሎች ደቂቅ ዘአካላት ግን አሲድ ማምረታቸውን ስለማያቆሙ ገንዳው ይኮመጥጣል።

ሃይድሮጅኑ በቶሎ እንዲሻገር ጎረቤታሞቹ መጠጋጋት አለባቸው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በኔዘርላንድስ ዋገኒንገን ተመራማሪው ጋትሴ ሌቲንጋ ፍሳሹን ከታች ወደ ላይ በዝግታ እንዲወጣ አደረጉ፤ ከፈሳሹ ጋር ታጥበው ያልሄዱት ደቂቅ ዘአካላት ተያይዘው ጥቂት ሚሊሜትር የሚሆን እንክብል ሠሩ። እንክብሉ ከባድ ስለሆነ ይዘቅጣል፣ ከገንዳውም አይወጣም። የዘዴው ሁሉ ብልሃት እዚህ ላይ ይመስለኛል።

እነዚህ ደቂቅ ዘአካላት አዝጋሚ ናቸው፣ በቀላሉም ይታወካሉ የሚለው ወቀሳ እውነት አለው፤ አዲስ ገንዳ እስኪለምድ ወራት ይፈጃል። ነገር ግን አዝጋሚነታቸው ትሩፋትም አለው። አየር በሚነፋበት ማጣሪያ ከብክለቱ ግማሽ ያህሉ ተመልሶ ዝቃጭ ሲሆን፣ እዚህ አንድ አስረኛ ገደማ ብቻ ይቀራል፤ አየር የሚነፋ ሞተር አያስፈልግም፣ ጋዙም ይነዳል። ናይትሮጅንና ፎስፈረስን ስለማያስወግዱ ከኋላቸው ሌላ ማጣሪያ መኖሩ አይቀርም።

በዓመት ጥቂት ወራት ብቻ ለሚሠራ ፋብሪካ አይሆኑም የሚለው ተቃውሞ ግን የሚጸና አይደለም። የአውሮፓ የስኳር ቀይ ሥር (ሹገር ቢት) ስኳር ፋብሪካዎች ሥራም ወቅታዊ ነው፤ እንክብሉ ግን ሳይመገብ ወራት ቆይቶ በሚቀጥለው ወቅት ይነቃል። ስለዚህ እንደዚሁ በወቅት የሚሠሩት የጅማና የሲዳማ የእሸት ቡና ማጠቢያዎች ፍሳሽ ወንዝ ገብቶ የውኃውን ኦክስጅን ከሚያሟጥጥ ይህ መንገድ ሊታሰብበት ይገባል። የቡናው ፍሳሽ ኮምጣጣ ነውና አስቀድሞ በኖራ ማለዘብ ግድ ይላል፤ ሚቴን ሠሪዎቹ የሚስማማቸው ፒኤች 7 አካባቢ ነው።