ደረቅ የሚባለው ጭነት ውኃ ይዞ ይሳፈራል

ነዳጅ የጫነች መርከብ አደገኛ መሆኗን ለማስረዳት ብዙ መድከም አያስፈልግም። የማዕድን አፈር ወይም ስንዴ የጫነችው ግን አሸዋ እንደጫነ ገልባጭ መኪና ትታያለች፤ «ደረቅ ነገር ምን ያመጣል?» ይባላል። ስያሜው ራሱ ያዘናጋል። «ደረቅ ብትን ጭነት» ማለት በከረጢት ሳይታሸግ ወደ መርከብ ሆድ የሚገለበጥ ጠጣር ዕቃ እንጂ እርጥበት የሌለው ማለት አይደለም። ባልክ ጁፒተር የተባለችው መርከብ እ.ኤ.አ. ጥር 2 ቀን 2015 ቬትናም አካባቢ ስትሰጥም የያዘችው ከማሌዥያ ኳንታን ወደብ የተጫነ 46,400 ቶን ቦክሳይት (የአሉሚኒየም ማዕድን አፈር) ነበር። ከ19 መርከበኞቿ የተረፈው አንድ ምግብ አብሳይ ብቻ ነው። በወቅቱ ዓለም አቀፉ የብትን ጭነት ደንብ ቦክሳይትን እርጥበቱ ከ10 በመቶ እንደማይበልጥ ቆጥሮ፣ በማያሰጋው ምድብ አስቀምጦት ነበር። የዚህኛው እርጥበት ግን በአማካይ 21.3 በመቶ ነበር።

ኋላ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው፣ እርጥብ የቦክሳይት ክምር ማዕበል ሲንጠው ይጠቀጠቃል፤ በመካከሉ ያለው ውኃም ደቃቁን አፈር ይዞ ወደ ላይ ይወጣና ቀጭን ጭቃ ሆኖ ከወዲያ ወዲህ ይላጋል። የኒኬል ማዕድን ደግሞ ክምሩ ራሱ ወደሚፈስ ጭቃነት ሊለወጥ ይችላል። ጭነቷ የረጋ መርከብ ብታዘነብልም ትመለሳለች፤ ጭነቱ አብሯት ከፈሰሰ ግን የመመለስ አቅሟ ይከዳታል።

«ታዲያ ሳይጫን በፊት አይመረመርም ወይ?» የሚል ይኖራል። ይመረመራል። መርከብ ላይ የሚደረገው ቀላሉ ፍተሻ ናሙናውን ቆርቆሮ ውስጥ እስከ ግማሽ ሞልቶ፣ ከ20 ሳንቲሜትር ገደማ ከፍታ 25 ጊዜ ጠንካራ ነገር ላይ መጣል ነው። ላዩ ላይ ውኃ ካቀረረ ጭነቱ ከመሳፈሩ በፊት ላቦራቶሪ ሊያየው ይገባል። ውኃ አለመታየቱ ግን ለደህንነት ዋስትና አይሆንም፤ ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ላኪው የሚሰጠው የእርጥበት ወረቀትም የሚናገረው ናሙናው ስለተወሰደበት ቀን ነው። ሜዳ ላይ የተከመረውን አፈር ከዚያ ወዲህ ዝናብ ከመታው ወረቀቱን ማመን ሕይወትን ማስያዝ ነው።

«ይህ የማዕድን ጣጣ ነው፤ እህል ምን አለበት?» ለሚል ደግሞ፣ በጅቡቲ በኩል እንደሚገባልን ስንዴ ያለ እህል ተባይ እንዳያጠፋው በፎስፊን ጋዝ ሊታጠን ይችላል፤ ጋዙ ይገድላል። የድንጋይ ከሰልም የተዘጋውን ክፍል ኦክስጅን ይጨርሳል፤ የወረደውን ሊያወጣ የገባ ጓደኛም አብሮ ይቀራል። ስለዚህ አየሩ በመሣሪያ ሳይለካ ማንም ወደ ጭነት ክፍል አይውረድ፤ ሰው ለማዳን ቢሆንም እንኳ።