ፊሊፒኖች ፑል ላይ ለምን አይቻሉም? ላሊበላ ፑል ቤት የተነሳ ክርክር

ላሊበላ ቅዳሜ ከገበያ መልስ ፑል ቤት ጎራ ካላችሁ የምታዩትን እናውቃለን። በቆርቆሮ ወይ በሸራ የተጠለለ ጠረጴዛ፣ ጨርቁ አንድ ሁለት ቦታ የተጣፈ፣ መሬቱ ተዳፋት ስለሆነ አንዱ እግር ስር ጠፍጣፋ ድንጋይ የገባለት። ዙሪያውን ተራ ጠባቂ ልጅ ሞልቷል። ተራ ጠባቂው ደግሞ ዝም ብሎ አይቆምም፣ ስልኩን አውጥቶ ፑል ያያል።

ሰሞኑን እኛም ተራ ስንጠብቅ ከጎናችን የነበሩት ልጆች የሚያዩት ሸበቶ ሰውዬ ነበር። ነጯ ኳስ መንገዷ ተዘግቷል። ሰውዬው ወደ ባዶ ጠርዝ መታት፣ ከአንዱ ጠርዝ ወደ ሌላው ተጋጭታ ዞራ መጣችና ከኋላ የተደበቀችውን ኳስ ቀዳዳ ውስጥ ከተተቻት። ከዚያ ክርክሩ ተነሳ። አንዱ አስማት ነው አለ፣ አንዱ ደግሞ ፊሊፒኖች ሲፈጠሩም እንደዚህ ናቸው፣ ከደማቸው ነው ብሎ ድርቅ አለ።

ሰውዬው ኤፍሬን ሬየስ ነው። (ስሙ የኛው ኤፍሬም ነው፣ በስፓኒሽ አጠራር።) ቅጽል ስሙም በእርግጥ "አስማተኛው" ነው፣ ስለዚህ የመጀመሪያው ልጅ ብዙም አልተሳሳተም። የደሙን ነገር ግን እንየው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው።

ሬየስ በ1954 ፓምፓንጋ በሚባል ግዛት ተወለደ። በ5 ዓመቱ ማኒላ ወዳለ አጎቱ ዘንድ ተላከ፣ አጎትዬው ደግሞ ፑል ቤት ነበረው። ልጁ ቤቱን እያገለገለ አደገ፣ ማታ ማታ የሚተኛውም ጠረጴዛው ላይ ነበር። ቁመቱ ስለማይደርስ የኮካ ኮላ ሳጥን ደርድሮ እላዩ ላይ ቆሞ ነው መጫወት የጀመረው። እስቲ አስቡት፣ እኛ ሰፈር ተራ ደርሶን አንድ ጌም እስክንጫወት ስንት ሰዓት እንጠብቃለን? እሱ ቤቱ ሲዘጋ ጠረጴዛው የሱ ነበር።

ፓምፓንጋ ራሷም ያለ ምክንያት አልተነሳችም። ስፔኖች ከወጡ በኋላ አገሪቱን የያዙት አሜሪካኖች ናቸው፣ ክላርክ የሚባለው ትልቁ የአየር ኃይል ጦር ሰፈራቸውም የነበረው እዚያው ፓምፓንጋ፣ አንጀለስ ከተማ አጠገብ ነው። ወታደር ባለበት ቡና ቤት አለ፣ ቡና ቤት ባለበት ፑል አለ። ወታደሮቹ በ1991 ለቀው ሄዱ፣ ጨዋታው ግን ቀረ። እኛም አገር እኮ ከረንቡላን ከጣሊያን ነው የወረስነው፣ ግን ከሱ የዓለም ሻምፒዮን አላወጣንም። ስለዚህ ጠረጴዛ መውረስ ብቻውን አይበቃም።

ለኛ ዋናው ነገር የሚመስለን የሚጫወቱት ጨዋታ ዓይነት ነው። እኛ ጋ አብዛኛው ሰው የሚያውቀው ጨዋታ 7 ኳስ ያንተ፣ 7 የኔ፣ መጨረሻ ጥቁሯ ነው። ከ7ቱ ቀላሏን መርጠህ ትመታለህ። ነጯ ከዚያ በኋላ የት ትሄዳለች? ብዙዎቻችን አናስብበትም፣ እንደ ዕድላችን ነው።

ፊሊፒንስ ሰፈር ውስጥ ለረጅም ዘመን የኖረው ጨዋታ ሮቴሽን ይባላል። 15ቱም ኳሶች የሁለታችሁም ናቸው፣ ግን መጀመሪያ መነካት ያለባት ጠረጴዛው ላይ ካሉት ትንሿ ቁጥር ናት። 1 ካለች 1፣ እሷ ከገባች 2። ምርጫ የለህም። ስለዚህ 1ን ስትመታ ነጯ ለ2 የሚመች ቦታ ላይ እንድትቆም አስበህ ካልሆነ አለቀልህ። ደግሞ ጠረጴዛው በ15 ኳስ የተሞላ ስለሆነ የምትፈልጋት ኳስ ሁሌ ከሌላ ኳስ ጀርባ ነች። ዙሪያውን በጠርዝ አጋጭተህ መድረስ የግድ ይሆናል። ያ ስልኩ ላይ ያየነው "አስማት" እንግዲህ እዚህ ጋ ነው የተሠራው። ሌላው ዓለም በጭንቅ ቀን ብቻ የሚሞክረውን ምት የፊሊፒንስ ልጅ በቀን አሥር ጊዜ ተገዶ ይመታዋል።

አሁን ትልልቆቹ ውድድሮች የሚካሄዱት በ9 ኳስ ነው፣ ሕጉም ያው ከትንሿ ቁጥር መጀመር ነው። 15 ኳስ በተራ እያጸዳ ላደገ ሰው 9 ኳስ ምን ሊሆነው?

ሬየስ በ1985 አሜሪካ ሲገባ ስሙ በቁማርተኞች ዘንድ ቀድሞት ደርሶ ነበር፣ መልኩን ግን የሚያውቅ የለም። ሴሳር ሞራሌስ ነኝ ብሎ ሂውስተን ውስጥ መጫወት ጀመረ። በ22 ቀን 80,000 ዶላር ይዞ ተመለሰ ይባላል። በ1994 የአሜሪካን ኦፕን ያሸነፈ የመጀመሪያው የውጭ አገር ሰው ሆነ። በ1996 ሆንግ ኮንግ ላይ ከአሜሪካዊው ኧርል ስትሪክላንድ ጋር 120 ጌም ቀድሞ ለጨረሰ 100,000 ዶላር ተይዞ ለሦስት ቀን ተጫወቱ፣ ሬየስ 120 ለ117 አሸነፈ። በ1999 ካርዲፍ ላይ የ9 ኳስ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ይሄኛው በቴሌቪዥን ታየ፣ ፊሊፒንስ ውስጥም እሱን ልሁን የሚል ትውልድ ተነሳ።

ከሱ በኋላ የመጡትን ቶሎ ቶሎ እንጥቀስ። አልካኖ በ2006፣ ቡስታማንቴ በ2010 የዓለም ሻምፒዮን ሆኑ። ካርሎ ቢያዶ በ2017 ሲያሸንፍ የፍጻሜ ተጋጣሚውም የአገሩ ልጅ ነበር። ቢያዶ ከዚያ በፊት ጎልፍ ሜዳ ላይ የሰው ቦርሳ ተሸካሚ ነበር። በ2025 ጅዳ ላይ ደግሞ ደገመው። በሴቶች ሩቢለን አሚት በ2024 የ9 ኳስ የዓለም ሻምፒዮን ሆናለች። (እኛ የነበርንበት ፑል ቤት አንድም ሴት አልነበረችም። የፑል ቤት ስም በጠፋበት አገር አይገርምም።)

ደም ቢሆን ኖሮ ግን ከ2017 እስከ 2025 ባለው ጊዜ ያንን ዋንጫ ጀርመን፣ ኦስትሪያ፣ ስፔንና አሜሪካ ይወስዱት ነበር? አውሮፓውያኑ በአሠልጣኝና በፕሮግራም መሥራት ጀመሩና ደረሱባቸው። ይሄን ነገር እኛ ኢትዮጵያውያን ማንም ሊያስረዳን አይገባም። ፈረንጅ መጥቶ ሯጮቻችንን ከፍታው ነው፣ ዘሩ ነው ይላል። ላስታም እኮ ከፍታ ነው፣ ላሊበላ ራሷ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ደራርቱ፣ ቀነኒሳና ጥሩነሽ የወጡት ግን ከበቆጂ ነው። በቆጂ አሠልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ ነበረ፣ ጠዋት አብሮ የሚሮጥ ጓደኛም ነበረ።

የብሩን ነገር ሳናነሳ ብናልፍ ውሸት ይሆናል። ፊሊፒንስ ውስጥ ጥሩ ተጫዋች ያደገው በማስያዣ ነው። ገንዘቡን የሚያስይዘው ብዙ ጊዜ ሌላ ባለሀብት ነው፣ ተጫዋቹ ካሸነፈ ድርሻውን ይወስዳል። እጅ የማይንቀጠቀጠው እዚያ ስለተለመደ ነው። ዕዳና ጠብም እዚያው ነው ያለው፣ እሱን ቪዲዮው አያሳይም። እኛ ጋ ደግሞ የሚያስይዝ ባለሀብት የለም። ልጁ የሚያስይዘው የራሱን የቀን ሥራ ብር ነው፣ ወይ እናቱ ለዘይት የሰጠችውን። ሁለቱ አንድ አይደሉም። ላሊበላ ውስጥ ደግሞ በ2020 ኮሮና፣ በ2021 ጦርነቱ ከተማው ድረስ፣ ከ2023 ወዲህ የክልሉ ግጭት ተከታትለው ቱሪስቱን አስቀርተውታል። አስጎብኚ ይሆን የነበረው ልጅ ጊዜ ተርፎታል፣ ፑል ቤቱም የሞላው በከፊል ለዚህ ነው። ወላጅ "ዱርዬ ሆነ" ቢል አንፈርድበትም፣ ግን ልጁ የት ይሂድ የሚለውም ጥያቄ አልተመለሰም።

ብር ሳታስይዙ መሞከር ለምትፈልጉ የሮቴሽን ሕግ ይኸውላችሁ። ኳሶቹ ላይ ያለው ቁጥር ነጥብ ነው፣ 1 አንድ ነጥብ፣ 15 አሥራ አምስት ነጥብ። ነጯ መጀመሪያ ትንሿን ቁጥር መንካት አለባት፣ ነክታት ሌላ ብትገባም ይቆጠራል። ሁሉም ሲደመር 120 ስለሆነ 61 ቀድሞ የሞላ አሸነፈ። እኛ የሞከርነው ያን ቀን ነው፣ 4 ቁጥርን ለመንካት ብቻ ሦስት ሦስት ጊዜ ሳትን፣ ተራ የሚጠብቁት ልጆችም ልቀቁልን ብለው አስወጡን።

እናንተ ሰፈር ሕጉ እንዴት ነው? ንገሩን።