ማረጥ፦ ከሙቀትና ከላብ ባሻገር

ማረጥ ሲነሳ ብዙዎቻችን የምናውቀው ድንገተኛ ሙቀትንና የሌሊት ላብን ነው። ወደ መድኃኒት ቤት የሚመጡ እናቶች ግን ሌላም ይጠይቃሉ፤ ለጉልበትና ለጣት ቁርጥማት ማስታገሻ፣ ለሚያሳክክ ቆዳ ቅባት፣ ለሚያቃጥል ምላስ መላ። ዕድሜያቸው ከ45 እስከ 55 ከሆነና የወር አበባቸው ከተዛባ፣ መነሻው የኤስትሮጅን ሆርሞን መቀነስ ሊሆን ይችላል። ሆርሞኑ የሚያገለግለው ማህፀንን ብቻ አይደለምና።

ቁርጥማቱን ብርድ ነው ብሎ ለወራት ዳይክሎፌናክ መዋጥ ጨጓራን ሊያቆስል፣ ኩላሊትን ሊጎዳ፣ የደም ግፊትን ከፍ ሊያደርግ ይችላል። በየቀኑ መራመድ ይሻላል። ልብ ቶሎ ቶሎ መምታቱም ሳይመረመር «የዕድሜ ነው» አይባልም፤ ደም ማነስና የታይሮይድ ዕጢ ሕመምም እንዲሁ ያደርጋሉ።

ከሁሉ የሚደበቀው የሽንት ማምለጥ ነው። ሲያስሉ፣ ሱጁድ ሲወርዱ ጠብ ይላል፤ ውዱእ ይበላሻል፤ እህት አፍራ ከመስጂድ ትቀራለች። ውሃ መቀነስ አይበጅም፤ የወፈረ ሽንት ፊኛን ይቆጣል። ይልቅ ሽንት እንደሚይዙ አድርጎ የዳሌን ሥር ጡንቻ መጨበጥ፣ ከ5 እስከ 10 ቆጥሮ መልቀቅ፤ ይህን 10 ጊዜ፣ በቀን 3 ጊዜ፣ ቢያንስ ለ3 ወር። የውዱኡን ነገር ዓሊም ይጠየቅ፤ ዑዝር ላለበት ሰው ዲኑ መፍትሔ አለው።

አንድ ነገር ግን ቀጠሮ አይሰጠውም። የወር አበባ 12 ወር ሙሉ ከቆመ በኋላ ደም ከታየ፣ ጠብታም ቢሆን፣ «ወሩ ተመለሰልኝ» ብላችሁ አትለፉት። የማህፀን ካንሰር ምልክት ሊሆን ስለሚችል ሳትውሉ ሳታድሩ ሐኪም ዘንድ ሂዱ።